ቃል የሌለው ሙዚቃ ምን ይላል? የኃይሉ መርጊያ አልበሞች፣ ሐያስያኑና እኛ



በዚህ እትም የጥናት ዓምድ የማቀርብላችሁ ትምህርት ስለ ሙዚቃ ሂስ ነው። ድምፃዊ የሌለበት፣ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ አልበም ሲወጣ ሐያስያን ምን ይጽፋሉ? ለምንስ እንደዚያ ይጽፋሉ? እኛ ደግሞ ምን ልንጨምርበት እንችላለን? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በኃይሉ መርጊያ ሥራዎች ምሳሌነት አብረን እንመለከታለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሙዚቃውን እየሰማችሁ ብታነቡ ይበልጥ ይጠቅማችኋል።

ትምህርቱን ያገኘሁት ከራሴ ስሕተት ስለሆነ ከዚያው ልነሳ።

ብሬዴንግ፣ ወጥ ቤት ውስጥ

የምኖረው ስቶክሆልም ውስጥ፣ ከከተማዋ ደቡብ ምዕራብ በምትገኘው ብሬዴንግ ከወላጆቼ ጋር ነው። በቀዩ መስመር፣ በ13 ቁጥር ባቡር ወደ ኖርስቦሪ የተጓዘ ሰው ሰፈራችንን ያውቃታል። የባቡር ጣቢያዋ የተከፈተው በ1965 ነው፤ በዙሪያው የተደረደሩት ረጃጅም ፎቆችም የዚያው ዘመን ልጆች ናቸው።

ባለፈው ሴሚስተር መምህራችን «ቃል የሌለበት አልበም ምረጡና የአንድ ገጽ ሂስ ጻፉ» የሚል የቤት ሥራ ሰጠችን። የክፍል ጓደኞቼ የአውሮፓና የአሜሪካ ቡድኖችን መረጡ። እኔ በ1985 በካሴት ወጥቶ በ2013 እንደገና የታተመውን የኃይሉ መርጊያን «ሸሞንሟናዬ» መረጥኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ሀገሬን አስተዋውቃለሁ ብዬ ነበር። ከዚያም ቁጭ ብዬ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ሂሶችን አነበብኩና ደጋግመው የሚመጡትን ቃላት ሰብስቤ በራሴ ዓረፍተ ነገር አስገባኋቸው። የሚያፈዝ፣ ሕልም መሰል፣ ምሥጢራዊ፣ የሚያረጋጋ። ጽሑፉ ያምር ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

እሑድ ከሰዓት አባቴ ምስር ወጥ እያማሰለ ሳለ አልበሙን ከፍቼ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ዝም ብሎ እያዳመጠ ነበር። «ሽለላ» የተባለው ሥራ ሲደርስ ግን ማማሰያውን ከድስቱ አውጥቶ እንደ ጦር ሰበቀው። ወጡ ምድጃው ላይ ጠብ ጠብ ይላል፤ እሱ አላየውም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን አያወጣም።

«አባዬ፣ ምን እያልክ ነው?»

«ሽለላውን ነዋ! አንቺስ ምን ብለሽ ጻፍሽለት?»

የጻፍኩትን ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩለት። «የሚያረጋጋ» የሚለው ላይ ስደርስ አስቆመኝ።

«እናቴ፣ ሽለላ ሰው ያስነሳል እንጂ ያስተኛል እንዴ?»

ሁለታችንም ሳቅን። ማታ ግን ሳቁ ለቀቀኝ። ነገሩ ያሳፈረኝ ሽለላ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ሠርግ ላይ ሲሸለል አይቻለሁ። ያሳፈረኝ፣ ርዕሱ በላቲን ፊደል ተጽፎ ስላየሁት እንደ ባዕድ ድምፅ ማለፌ ነው። አማርኛ እችላለሁ እያልኩ፣ የገዛ ቋንቋዬን ቃል አማርኛ የማይችል ሰው እንደሚያነበው አነበብኩት። ሽለላውን በቃሉ እንዲነግረኝ አባቴን ስጠይቀውም «ግማሹን ነው የማውቀው፤ ሙሉውን የሚያውቁት አያትሽ ነበሩ» አለኝ። አያቴ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል።

ሐያሲው የሚደገፍባቸው ሦስት ምርኩዞች

ወደ ትምህርቱ እንግባ። ዘፈን ቃል ሲኖረው የሐያሲው ሥራ ይቀላል፤ ዘፋኙ ስለ ምን እንደሚዘፍን ቃሉ ራሱ ይነግረዋል። ቃል የሌለው አልበም ሲገጥመው ግን ባዶ ሜዳ ላይ ይቆማል። ድምፅን በቃላት መግለጽ አስቸጋሪ ስለሆነ ምርኩዝ ይፈልጋል። ብዙ ሂሶችን ሳነብ ያገኘኋቸው ምርኩዞች ሦስት ናቸው።

አንደኛው ርዕስ ነው፤ የአልበሙና የየሥራው ስም። ሁለተኛው የሕይወት ታሪክ ነው፤ ሙዚቀኛው ማን ነው፣ ከየት መጣ፣ ምን ደረሰበት። ሦስተኛው ንጽጽር ነው፤ «እገሌን ይመስላል»፣ «ከእገሌ ስልት ጋር ይቀራረባል» ማለት።

ከዚሁ ከስቶክሆልም ምሳሌ ልስጣችሁ። ሮል ዘ ዳይስ የሚባል፣ ማልኮም ፓርደንና ፔደር ማነርፌልት የተባሉ ሁለት ሙዚቀኞች ያቋቋሙት ቡድን አለ። ሥራቸው በሲንተሳይዘርና በፒያኖ የሚሠራ፣ ድምፃዊ የሌለው ሙዚቃ ነው። በ2011 ያወጡት ሁለተኛ አልበማቸው ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «በአቧራ ውስጥ» ማለት ነው። ከሥራዎቹ አንዱ «የብረት ድልድይ»፣ ሌላው «ሠራተኞች ሁሉ ይጠራሉ»፣ ሌላው ደግሞ «ሰኞ እንገናኝ» የሚል ትርጉም ያለው ርዕስ አላቸው። እነዚህን ርዕሶች ያነበበ አድማጭ ድግግሞሹን ሲሰማ ፋብሪካ፣ ማሽንና የደከመ ሠራተኛ ቢታየው ምን ይገርማል? ሙዚቃው ውስጥ «ፋብሪካ» የሚል ቃል የለም፤ ጆሮውን ወደዚያ የመራው ርዕሱ ነው። ሁለቱ ሰዎች በር ከፈቱ፤ ሰሚውም ገባ። ርዕሱ ሰሚው በሚያውቀው ቋንቋ ስለተጻፈ ምርኩዙ ሠራ።

አሁን ይህንኑ ሚዛን ወደ «ሸሞንሟናዬ» እናምጣው።

የአንድ ካሴት ጉዞ

ኃይሉ መርጊያ በ1946 የተወለደ የኪቦርድና የአኮርዲዮን ተጫዋች ነው። በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ይጫወት የነበረው የዋልያስ ባንድ አባልና መሪ ነበር። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ስለነበር፣ ለመዝናናት የመጣው ሰው ሌሊቱን እዚያው ከባንዱ ጋር አንግቶ ጠዋት ወደ ቤቱ የሚሄድበት ጊዜ ነበር። ባንዱ በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን፣ በዋነኛነት በመሣሪያ የተቀነባበረ ሸክላ አወጣ። ዛሬ በመላው ዓለም ያሉ ባንዶች የሚጫወቱት የግርማ በየነ ድርሰት «ሙዚቃዊ ስልት» የሚገኘው እዚያ ላይ ነው። በ1978 ደግሞ ኃይሉ ከዳህላክ ባንድ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ»ን በካሴት አሳተመ።

በ1981 ዋልያስ ለሙዚቃ ጉዞ ወደ አሜሪካ ሄደ። ከአባላቱ የተወሰኑት ሲመለሱ ኃይሉ እዚያው ቀረ። በ1985 ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ አኮርዲዮኑን፣ የሮድስ ፒያኖን፣ የሙግ ሲንተሳይዘርን፣ የያማሃ ኪቦርድንና ድራም ማሽንን አንዱን በሌላው ላይ እየደረበ «ሸሞንሟናዬ»ን ሠራ። ባንድ የለም፤ ድምፃዊም የለም። አንድ ሰውና መሣሪያዎቹ ብቻ ናቸው።

ካሴቱ በሀገር ቤት ተሰማ፤ ከዚያ ተረሳ። ኃይሉም መድረኩን ትቶ በዋሽንግተን አካባቢ የታክሲ ሾፌር ሆነ። ኪቦርዱን የመኪናው ኮፈን ውስጥ ይዞ እየዞረ፣ በአውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ እስኪደርሰው ድረስ ይለማመድ ነበር። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ ይህን ካሴት አገኘ፤ ባለቤቱንም ፈልጎ ደወለለት። በ2013 ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በተባለው አሳታሚው በኩል እንደገና ወጣ። «ቼ በለው» በ2014፣ «ወደ ሐረር ጉዞ» በ2016 ተከተሉ። ኃይሉ ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ» የተባሉ አዳዲስ አልበሞችን አወጣ።

አሁን ምርኩዞቹን እንያቸው። ርዕሶቹ በላቲን ፊደል የተጻፉ አማርኛ ስለሆኑ ለውጭው ሐያሲ ስሜት አይሰጡም፤ አንደኛው ምርኩዝ ተሰበረ። ስለዚህ ሙሉ ክብደቱን የሚጥለው በቀሩት ሁለት ላይ ነው። የሕይወት ታሪኩ ታክሲው ሆነ። እርግጥ ታክሲው የሚገርም ታሪክ ነው፤ ስለ ኃይሉ የተጻፈ ሁሉ ማለት ይቻላል ያነሳዋል። ግን «ሽለላ»ን ሲቀዳ ኃይሉ ገና የታክሲ ሾፌር አልሆነም ነበር፤ የታክሲው ዘመን ሙዚቃውን ሊገልጽልን አይችልም። ንጽጽሩም ጃዝ፣ ፈንክ፣ ብሉዝና ኤሌክትሮኒክስ ሆነ። ከዚህ ውጭ የሚተርፈውን «የሚያፈዝ»ና «ምሥጢራዊ» የሚሉት ቃላት ይሞሉታል።

ልብ በሉ፦ አንድ ሐያሲ «ምሥጢራዊ ነው» ብሎ ሲጽፍ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ሙዚቃው ሳይሆን እሱና ሙዚቃው መካከል ስላለው ርቀት ነው። አባቴ ማማሰያውን ሲሰብቅ ምንም ምሥጢር አልነበረም።

እኛ ርዕሱን ብናነበውስ?

አንደኛውን ምርኩዝ እኛ አንስተን እንሞክረው።

ከአልበሙ ሙሉ ስም እንጀምር። ሽፋኑ ላይ በእንግሊዝኛ «ኃይሉ መርጊያና ክላሲካል መሣሪያው» የሚል ይገኛል። ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን ይዞ «ክላሲካል» ማለት ለአውሮፓዊ አንባቢ ግራ ነው፤ እሱ ሞዛርትን ያስባል። በእኛ አነጋገር ግን «ክላሲካል» ማለት ድምፃዊ የሌለው፣ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ዘፈን ማለት ነው። «የትዝታ ክላሲካል አለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሙሉ ኦርኬስትራ አልፈለገም። ቃሉም ራሱ አንድ ነገር ይነግረናል፤ ክላሲካል የሚሠራው ቀድሞ ከሚታወቅ ዘፈን ስለሆነ አድማጩ ቃሉን በልቡ ይዞ ይመጣል ተብሎ ይታሰባል። ዘፋኙ የለም፤ ዘፈኑ ግን በሰሚው አፍ ውስጥ አለ። የአባቴ ከንፈር ይንቀሳቀስ የነበረው ለዚህ ነው።

«ሸሞንሟናዬ» ራሱ የቁልምጫ ቃል ነው። አለባበሷ፣ አካሄዷና ሁለመናዋ ያማረባትን ሴት የሚያሞግስ፣ በመጨረሻዋ «ዬ» ደግሞ «የኔ» የሚል። ይህን ያወቀ ሰው አኮርዲዮኑን ሲሰማ ከጭጋግ ውስጥ የመጣ ድምፅ አይሰማም፤ አንድ ሰው ሌላ ሰው ሲያቆላምጥ ይሰማል።

«ሽለላ»ማ አይነሣ። ሽለላ የቃል ጥበብ ነው፤ ጀግና ራሱን የሚያሞግስበት፣ የሰነፈውን የሚያስነሳበት። ቃሉን አውጥቶ ዜማውን ብቻ መጫወት ድፍረት ነው። ድፍረቱን ግን ኃይሉ አልጀመረውም። ከእሱ በፊት ጌታቸው መኩሪያ ሽለላንና ፉከራን ወደ ሳክስፎን አምጥቶታል። የውጭ ሐያስያን ጌታቸውን ሲሰሙ የአሜሪካን «ፍሪ ጃዝ» አስታወሳቸው፤ ንጽጽር የሚባለው ሦስተኛው ምርኩዝ መሆኑ ነው። ጌታቸው ግን ያን የሚጮህ፣ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ የወሰደው ከአሜሪካ ሳይሆን ከሸላዩ ጉሮሮ ነው። በ2006 ዘ ኤክስ ከተባለው የሆላንድ ፓንክ ባንድ ጋር «ሞዓ አንበሳ»ን ሲያወጣ የፓንክ ጊታርና ሽለላ ተስማሙ፤ ሁለቱም ጩኸትን አያፍሩበትምና። ጌታቸው በ2016 ዐረፈ።

«አምባሰል» የሚለውን ርዕስ ስናይ ደግሞ ሦስት ነገር ይታየናል፤ በወሎ ያለው አምባ፣ ዘፈኑና ቅኝቱ። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ አንዱ ነው። ፒያኖ ያለው ሰው ይሞክረው፦ ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። አምባሰል ደግሞ ዶ፣ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ላ ነው። ሁለቱም አምስት አምስት ድምፅ ናቸው፤ ስሜታቸው ግን የተለያየ ነው። ሂስ ላይ «እንግዳ የሆነ ቅላጼ» የሚል ስታገኙ፣ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስም ስላለውና በሥርዓት ስለሚማሩት ቅኝት ነው።

ከ2018ቱ አልበምም ሁለት ርዕሶች ልጨምር። «አዲስ ናት» የሚለው ሰምና ወርቅ ያለው ይመስለኛል፤ አንዲት ሴት አዲስ ናት፤ ደግሞም አዲስ አበባ ናት። ለሠላሳ ምናምን ዓመት ከአዲስ አበባ ርቆ ለኖረ ሰው ሁለቱ ትርጉሞች መለያየት የሚችሉ አይመስለኝም። «ላላ በሉ»ም እንዲሁ ነው። «ላ ላ» እያላችሁ አዚሙ ይላል፤ ጠበቅ ያላችሁትን ነገር ደግሞ ፈታ አድርጉ ይላል። እነዚህ የእኔ ንባቦች ናቸው፤ የተሻለ ያለው ይጻፍልን።

የሚያስደንቀኝ ግን የመጨረሻው ሥራ ነው። ኃይሉ ይህን አልበም የሠራው ከባሲስት ማይክ ማይኮቭስኪና ከከበሮ መቺው ከቶኒ ባክ ጋር ነው። «የፍቅር እንጉርጉሮ» ላይ ሲደርስ ግን ሁለቱም ዝም ይላሉ፤ ኃይሉ ብቻውን ፒያኖ ይጫወታል። ርዕሱን የማያነብ ሐያሲ «ጸጥ ያለ መዝጊያ» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። እኛ ግን እናውቃለን፤ እንጉርጉሮ ከባንድ ጋር አይሆንም። ሰው የሚያንጎራጉረው ብቻውን ሲሆን ነው፤ ቡና እየወቀጠ፣ መንገድ እየሄደ፣ ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣ። ባሱና ከበሮው የወጡት ቅርጹ ስለሚጠይቅ ነው። ርዕሱን ማንበብ ሙዚቃውን አሰማን ማለት ይህ ነው።

ለሐያስያኑ የምንመልሰው ዕዳ

እስካሁን የጻፍኩትን ያነበበ ሰው «ፈረንጆቹ አልገባቸውም፤ እኛ ግን ገብቶናል» የሚል ሐሳብ ላይ ሊያርፍ ይችላል። እዚያ እንዳታርፉ እለምናችኋለሁ፤ ትክክል አይደለምና።

ካሴቱን ባሕር ዳር ውስጥ ከአቧራ ያነሳው አማርኛ የማያነብ ሰው ነው። ሙዚቀኛውን ፈልጎ ያገኘውም እሱ ነው። ከዚያ በፊትም ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ የድሮ ሙዚቃችንን ባያሳትም፣ በ1998 በወጣው አራተኛው ቅጽ ሙላቱ አስታጥቄን ዓለም ባላወቀው ነበር። የጂም ጃርሙሽ ፊልም በ2005 የሙላቱን ሙዚቃ የተጠቀመው ከዚያ በኋላ ነው። እኛስ? በአባቴ አነጋገር ክላሲካል «የሚደመጥ» ሳይሆን «የሚከፈት» ነገር ነበር፤ ሆቴል ውስጥ ሰው እየበላ፣ ሬዲዮ ላይ አንድ ዝግጅት አልቆ ሌላው እስኪጀምር። አዳማጭ ያጣ ሙዚቃ አዳማጭ ያገኘው በባዕድ ጆሮ ነው።

ሌላም አለ። አባቴ ዘፈኑን ሰማ እንጂ አልበሙን አልሰማም። «ድራም ማሽኑ እንዴት ነው?» ስለው «የቱ ድራም ማሽን?» አለኝ። ለእሱ ሽለላው ነበር ያለው፤ ቀሪው ዕቃ ነው። የውጭ ሐያሲ ግን ቃሉ ስለማይጠራው ጆሮውን ወደ ድምፁ ራሱ ሰጠ። የድሮ አኮርዲዮን ከአዲስ ማሽን ጋር መጋባቱን፣ የማሽኑ ምት ሳይዛነፍ አኮርዲዮኑ በላዩ ላይ እንደ ልቡ መሄዱን፣ አንድ ሰው ሙሉ ባንድ ሆኖ መገኘቱን አስተዋለ። ይህ እውነተኛ ማዳመጥ ነው። እኛ ቃሉን ስለምናውቅ ድምፁን ዘለልነው፤ እነሱ ቃሉን ስለማያውቁ ድምፁ ላይ ቆዩ።

ስለዚህ የዚህ ትምህርት ዋና ነጥብ ይህ ነው፦ ቃል የሌለው ሙዚቃችን ሁለት ጆሮ ይፈልጋል። አንዱ ቃሉን የሚያስታውስ፣ ሌላው ድምፁን የሚያስተውል። በውጭ ሀገር ያደግን ልጆች ሁለቱንም ልንይዝ የምንችል ሰዎች ነን። ወይም ሁለቱንም ልናጣ እንችላለን። እኔ የመጀመሪያውን ሂሴን ስጽፍ ሁለቱንም አጥቼ ነበር፤ የአባቴን ቃል አልጠየቅሁም፤ የሐያስያኑንም ቃል ራሴ ሳልሰማ ተዋስኩ።

ሂስ ለመጻፍ አምስት ደረጃዎች

ሂሱን እንደገና ስጽፍ የተከተልኩት መንገድ ይህ ነው። የክፍል ሥራም ሆነ ለዚህ ዓምድ የሚሆን ጽሑፍ ስትጽፉ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።

1. ምንም ሳታነቡ ስሙ። የሰማችሁትን በቀላል ቃል ጻፉ፤ ስንት መሣሪያ አለ? የትኛው ይመራል? የት ይፈጥናል፣ የት ያርፋል? «ያምራል» አትበሉ፤ ያማረው ምን እንደሆነ ተናገሩ።

2. ርዕሱን በፊደላችን መልሳችሁ ጻፉ። ይህን ትንሽ ሥራ አትናቁት፤ እኔን ያነቃኝ እሱ ነው። «ሽ» እና «ለ» ቁልጭ ብለው ሲጻፉ ቃሉ ወደ ቦታው ይመለሳል።

3. ቅኝቱን ፈልጉ። ፒያኖ ባይኖራችሁ የስልክ መተግበሪያ ይበቃል። አምስቱን ድምፆች ካገኛችሁ ስሙን ታገኛላችሁ።

4. ቃሉን የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። እናት፣ አባት፣ ጎረቤት፣ የማኅበራችሁ ትልልቅ ሰዎች። ሲናገሩ ቅዱአቸው፤ ፈቃዳቸውን ግን ቀድማችሁ ጠይቁ። «የ2020ው አልበም ላይ ያለው በዓይኔ ላይ ይሄዳል የማን ነው?» ብትሏቸው «የአስናቀች ወርቁ ነዋ!» ይሏችኋል፤ ከዚያ ክራሩ ይመጣል፣ ትያትር ቤቱ ይመጣል፣ እሷን መድረክ ላይ ያዩበት ቀን ይመጣል። እዚያው አልበም ላይ ያለውን «ሸመንደፈር» ታናሽ ወንድማችሁን ጠይቁት፤ የቴዲ አፍሮ መሆኑን እሱ ይነግራችኋል። በዕድሜ ብዙ የሚራራቁ ሁለት አድማጮች አንድ አልበም ላይ ይገናኛሉ።

5. እንደገና ስሙና ሂሶችን ያኔ አንብቡ። ከሐያሲው ጋር የምትስማሙበትንም የማትስማሙበትንም በምክንያት ጻፉ። የተዋሳችሁትን ቃል ሁሉ «እኔ ይህን ሰምቼዋለሁ ወይ?» ብላችሁ ፈትኑት። ካልሰማችሁት አውጡት።

ሁለተኛውን ጽሑፌን መምህራችን ወደደችው፤ ግርጌው ላይ ግን አንድ ጥያቄ ጻፈችበት፦ «አባትሽ ያለው ቃል ምንድን ነው?» መልሱን ከፊሉን ብቻ ነው የሰጠኋት፤ ምክንያቱን ነግሬያችኋለሁ። የቀረውን ለማግኘት አባቴ ወደ ሀገር ቤት ለእኅቱ ደውሎ ነበር። አክስቴ ሁለት ስንኝ ጨመሩልን። አሁንም አልሞላም፤ ግን ከነበረው ይሻላል።

ለመወያያ

እነዚህን ጥያቄዎች በቡድን ወይም ከቤተሰብ ጋር ተወያዩባቸው።

የመጀመሪያው፦ ቤታችሁ ውስጥ ሲከፈት የምትሰሙት፣ ቃሉን ግን የማታውቁት ክላሲካል የትኛው ነው? ማንን ልትጠይቁ ትችላላችሁ?

ሁለተኛው፦ ሐያሲ የሙዚቃውን ቋንቋ ባያውቅ ሂስ መጻፍ የለበትም ትላላችሁ? ከሆነስ እኛ ስለ ስዊድን ሙዚቃ የመጻፍ መብት አለን?

ሦስተኛው፦ አንድ ሙዚቀኛ ታክሲ መንዳቱ በሂስ ውስጥ መነሳት ያለበት መቼ ነው? መቼስ ሙዚቃውን ይሸፍነዋል?

በሁለተኛው ጥያቄ ላይ አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ይህን ጽሑፍ ስጀምር አንዲት ስዊድናዊት የክፍል ጓደኛዬ የሰፈሬ ስም ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ ወይ አለችኝ። እዚህ ተወልጄ አድጌ፣ ስዊድንኛ እየተናገርኩ፣ አስቤበት አላውቅም ነበር። ብሬዴንግ ማለት ሰፊ መስክ ማለት ነው። ፎቆቹ ከመሠራታቸው በፊት የነበረው መሬት በስሙ ውስጥ ተቀምጧል። ማታ ለአባቴ ነገርኩት። ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ኖሯል፤ ባቡሩ ላይ ስሙ ሲጠራ በየቀኑ ይሰማል።

«ሰፊ መስክ?» አለና በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። «እኔ የሰው ስም ነበር የሚመስለኝ።»

ቸር ያገናኘን።